ያስተማሩትን የሚረሳው ቴፕ

እትዬ ሾፌርን «እርስዎ» ብሎ የጠራ ሰው ወዮለት። «ከመቼ ወዲህ ነው ምርኩዝ ያስያዝከኝ?» ብላ ልክ ልኩን ትነግረዋለች። ስለዚህ ትንሽ ትልቁ «አንቺ» ይላታል። እኔም፣ በዕድሜ እናቴ ብትሆንም፣ አንቺ ነው የምላት። ስሟን የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሾፌር ነበረች፣ ሾፌር ናት፣ አለቀ።

ዕድሜዋን በሙሉ የነዳችው የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልስ ትልቅ አውቶቡስ ነው። ስትቀጠር አለቆቹ «እስኪ ትሞክረው፣ በራሷ ጊዜ ትተወዋለች» ብለው ነበር አሉ። እሷ ግን አለቆቹን ተራ በተራ ጡረታ ሸኝታ በመጨረሻ ራሷ ወጣች። ስለዚያ አውቶቡስ የምታወራው ስለ ባሏ ከምታወራው ይበልጣል፤ ባሏ ደግሞ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነፍሱን ይማር። ጡረታ እንደወጣች ትንሽ ነጭ አውቶማቲክ መኪና ገዛች። ገበያ የምትሄደው በሷ፣ የታመመ የምትጠይቀው በሷ፣ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት እንኳ በሷ ነው። «እግሬ የተፈጠረው ለፔዳል ነው» ትላለች። ምጥ ለያዛት የሰፈር ሴት መጀመሪያ የምትጠራላት እሷ ናት፤ እኔንም የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ስል እየተቆጣች ያደረሰችኝ እሷ ናት። «መኪናዬ ውስጥ እንዳትወልጂ፣ ወንበሩ አዲስ ነው!» እያለች።

እኔ ማን ነኝ? የሽቦ ሚስት ነኝ። ሽቦ ባሌ ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ቅጥነቱና ሥራው ተባብረው ስሙን አወጡለት። እሱ ከኋላ ባለው ጋራዥ መኪና ውስጥ ተጣጥፎ ሲውል፣ እኔ ከፊት ባለችው ሱቅ አምፖል፣ ፊውዝ፣ የወንበር ልብስና ምንጣፍ እሸጣለሁ። እሱ ዝም ይላል፣ እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ። እንዲህ ተስማምተን እንኖራለን።

ባለፈው ክረምት እትዬን ስትሮክ መታት፣ ግራ ጎኗንም ያዛት። ተመስገን ነው፣ እግሯ ተመለሰ፤ ምላሷማ ጭራሽ ተስሎ ነው የተመለሰው። ግራ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። መሪ ላይ ያርፋል፣ ፍሬቻ ይነካል፣ ከዚያ በላይ ስታዝዘው አይሰማትም። ሐኪሙ መርምሯት፣ አስነድቶም አይቷት፣ መንዳት ትችያለሽ አላት። አንድ ነገር ግን አጥብቆ አስጠነቀቃት፤ መኪናው እየሄደ ቀኝ እጇ ከመሪው መነሳት የለበትም። ግራው ብቻውን መሪ አይይዝማ።

አንድ ልጅ ነው ያላት፣ ነርስ ነው፣ ድንገተኛ ክፍል ይሠራል። የመኪና አደጋን እኛ በወሬ ነው የምንሰማው፣ እሱ በእጁ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ሐኪሙ ፈቀደ ሲባል ደስ አላለውም፤ እናቱን ግን መከልከልም አንጀቱ አልቻለም። ከኋላ የሚያሳይ ካሜራና ትልቅ ስክሪን ያለው አዲስ ቴፕ ገዛላትና ሁለቱም ወደኛ መጡ። እኛ ሰፈር ሬዲዮም ሆነ ስክሪን፣ መኪና ውስጥ የሚዘፍን ነገር ሁሉ ስሙ ቴፕ ነው። የድሮውን ቴፕ እትዬ የምታዘው መሪው ላይ ባሉት መጫኛዎች ነበር። በቀኝ አውራ ጣቷ ሥር ናቸው፦ ድምፅ መጨመሪያ፣ መቀነሻ፣ ጣቢያ መቀየሪያ፣ ስልክ ማንሻ። እጇ ሳይነሳ ሁሉን ትጨርስ ነበር።

ሽቦ አዲሱን ገጠመው። ስክሪኑ ቦግ አለ፣ ካሜራው የጋራዡን የቆሸሸ ግድግዳ አንድ ሳይቀር አሳየን፣ ድምፁም እንደ ጉድ ነው። መሪው ላይ ያሉት መጫኛዎች ግን ጭጭ አሉ።

ሽቦ «ዛሬ መሽቷል፣ መኪናዋ እዚሁ ትደርና ነገ ልየው» ቢላት፣ ቤቴ ቅርብ ነው ብላ ልጇን አሳፍራ ሄደች። መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። በልማድ አውራ ጣቷን ጫን አደረገች፣ ስልኩ አልተነሳም፤ ሳታስበው ቀኝ እጇን ወደ ስክሪኑ ሰደደች። መኪናው ወደ መንገዱ ጠርዝ ተሳበ። ልጇ መሪውን አፈፍ አድርጎ መለሰው። ማንም አልተነካም፣ እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «እማዬ፣ ቅዳሜ መጥቼ አብረን ከተማውን እንዞራለን» አላት። «እጅሽ አንድ ጊዜ ከመሪው ከተነሳ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ፣ መኪናዋንም እንሸጣታለን።» እሷም እልኸኛ ናትና «ይሁን» አለችው።

ይህን በማግስቱ ሱቄ በር ላይ ቆማ ነገረችኝ። እትዬ ፈርታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ቁልፌን ከወሰደው እኔ ምን ልሆን ነው? መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰው መኪና ልቆጥር?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ወደ ኋላ ዞሬ «ሽቦ! የያዝከውን ጣልና ና!» ብዬ ጮህኩ።

ሽቦ በቴፑ ዙሪያ ያለውን ፕላስቲክ ሁሉ ፈታ። ከመሪው የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች የድሮው ሶኬት ውስጥ ቦታ ነበራቸው፣ በአዲሱ ግን ሜዳ ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። አገናኛቸውና በናስትሮ ጠቀለላቸው። በቴስተር ሲለካ፣ እትዬ መጫኛውን በጫነች ቁጥር ቁጥሩ ይለዋወጣል። ቴፑ ግን አሁንም ወይ ፍንክች።

«መልእክቱ ይደርሰዋል፣ ምን እንደተባለ ግን አያውቅም» አለ ሽቦ። «ማስተማር አለብን።»

«ቴፕ ይማራል እንዴ?» አለች እትዬ።

ለካ ይማራል። ስክሪኑ ላይ የድምፅ መጨመሪያውን ሥዕል ነክቶ፣ መሪው ላይ ያለውን መጫኛ ያዝ ማድረግ ነው፤ ቴፑ ያንን ይይዛል። ከዚያ መቀነሻውን፣ ከዚያ የቀረውን። ሽቦ ከስክሪኑ፣ እትዬ ከመሪው ሆነው እንደ አንደኛ ክፍል አስተማሩት። ሲጨርሱ ሬዲዮው በአውራ ጣቷ ጨመረ፣ ቀነሰ። እኔ ከሱቅ ደወልኩላት፣ ጫን አድርጋ አነሳችው። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለችኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያየችኝ። ተሳስቀን ሸኘናት።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሳ መጣች። መጫኛዎቹ ጭጭ።

«ከዚህ ከሄድሽ በኋላ የነካሽው ነገር አለ?» አላት ሽቦ።

«ምንም። ቤቴ ሄድኩ፣ መኪናዬን አቆምኩ፣ ገባሁ።»

እትዬ ደግሞ ውሸት አታውቅም። ሽቦ አምኗት ሌላ ሌላውን ማሰብ ጀመረ። መሪው ውስጥ፣ መሪው ሲዞር አብሮ የሚጠቀለልና የሚፈታ ስስ ጥብጣብ አለ፤ እሱ ከተጎዳ መጫኛዎቹ አንዴ ሠርተው አንዴ ይተዋሉ። ክላክሱን አስጮኸ፣ ይጮኻል። መሪውን እስከ ጥግ ወዲህም ወዲያም እያዞረ ለካ፣ ጥብጣቡ ደህና ነው። ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘውን ጥቁር ሽቦ ነቅሎ፣ ቀለሙን ፍቆ፣ ንጹሕ ብረት ላይ አሰረው። እንደገና አስተማሩት። ቁልፉን አጥፍቶ አበራ፣ ቴፑ አልረሳም። መኪናውን ዘግተን ሻይ ጠጥተን ተመለስን፣ አሁንም አልረሳም። ሽቦ ልቡ ሞልቶ ሸኛት።

በማግስቱ ጭጭ!

እኔ ደሜ ፈላ። «ስንት መኪና የሠራህ ሰውዬ አንድ ቴፕ ማስተማር አቃተህ?» አልኩት። እሱ ምሳውንም አልነካም፤ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቆሟል። በመጨረሻ «ሰዓቱን አየሽው?» አለኝ። የቴፑ ሰዓት ገና ከዜሮ መቁጠር የጀመረ ነው። «ማስተማሩንስ አስተምሬዋለሁ። ሌሊት ሌሊት ራሱን የሚያስተው ነገር አለ። የሆነ ቦታ መብራት ይቋረጥበታል።»

«እናንተ ቤት ምን አለ?» አልኳት እትዬን።

«እኔ ቤት እኔ ነኝ ያለሁት!» አለችኝ ተቆጥታ። እውነቷን ነው፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው። ወደ ሱቅ አስገብቼ ሻይ ሰጠኋትና አበረድኳት።

እኛ ሻይ ስንጠጣ ሽቦ ኮፈኑን ከፈተ። የባትሪውን ማሰሪያ በጣቱ ሲነካው ውልቅ ሊል ደረሰ። በእጅ የሚፈታ፣ ጆሮ ያለው ብሎን ነው የተገጠመለት። «የትኛው ሰነፍ ነው እንዲህ አድርጎ የሄደው?» ሲል ሰማሁት። ያንን ብሎን ነቅሎ ወረወረው፣ ደህና ብሎን አስገባ፣ በመፍቻ እስኪያልበው ድረስ አጠበቀው። ከዚያ እትዬን ጠራትና ቴፑ ያንኑ ትምህርት ሦስተኛ ጊዜ ተማረ። «አሁን አለቀ» አለ ሽቦ። እኔ እንዲህ ሲል ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ።

አርብ ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት የእትዬ መኪና ከተፍ አለች፣ ሬዲዮዋ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። በሬ ላይ ቆመች፣ መስኮቷን አወረደች፣ ለስድቡ እንዲመቻት የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰችና «ያ ሽቦ የታለ?» አለች።

«ደግሞ ምን አደረገሽ?»

«ባትሪዬን ጠርቅሞብኛል! ማታ ብታገለው ብታገለው አልፈታ አለኝ። ተመልከቺ ጣቴን፣ ተላጠ እኮ!»

ሽቦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። «ባትሪውን ማታ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ልፈታው ነዋ!»

«ለምን?»

እትዬ እንደ ጅል አየችው። «አንተ በርህን ሳትዘጋ ነው እንዴ የምትተኛው?»

ነገሩ ወዲህ ነው። የእትዬ ፋብሪካ አውቶቡሶች ያረጁ ነበሩ፤ ሲያድሩ ባትሪያቸው ይሞታል። አንዱ ደግሞ ቆሞ እንዳለ ሌሊት ተቃጥሏል። ስለዚህ እዚያ ፋብሪካ ግቢ መንዳት የለመደ ሰው ሁሉ ሞተር ያጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይስባል፣ ወርዶ ባትሪ ይፈታል። ሦስቱ አንድ ነገር ናቸው፣ ስማቸውም መኪና ማቆም ነው። እትዬ ጡረታ ስትወጣ ልማዱም አብሯት ወጣ። ያንን ጆሮ ያለው ብሎንም ራሷ ናት ያስገጠመችው፣ በአንድ እጅ እንዲፈታላት።

ሽቦ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። «ምንም አልነካሁም አላልሽኝም?»

«ባትሪ መፍታት መንካት ነው እንዴ? ማቆም ነው እንጂ!»

እኔ ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። «ቆይ ቆይ፣ እትዬ። አሁን ሬዲዮውን በምን ቀነስሽው?»

እትዬ ወደ አውራ ጣቷ አየች። እኔም አየሁ፣ ሽቦም አየ። ጣቷ አሁንም መጫኛው ላይ ነው። ጫን አደረገችው፣ ሬዲዮው ጨመረ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ ሽቦ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ባትሪው ስላልተፈታ ቴፑ ትምህርቱን ይዞ አድሯል፤ ልትሳደብ የመጣችው ደግሞ በተጠገነ መኪና ነው።

የእትዬ ሳቅ ግን ቶሎ ጠፋ። ሽቦ አስረዳት፤ የድሮው ቴፕ ከመኪናው ጋር የተሠራ ስለሆነ የሚማረው ነገር አልነበረውም፣ ይሄኛው ግን ባትሪ በተፈታበት ቁጥር ሁሉንም ይረሳል። «ስለዚህ ባትሪ መፍታቱን መተው ነው።»

«አልችልም» አለች።

«ተይ እንጂ እትዬ!» አልኳት። «ነገ ቅዳሜ እኮ ነው።»

«አልችልም አልኩሽ። ባትሪ ሳልፈታ ተኝቼ አላውቅም። ቢቃጠልስ? ጠዋት ሞቶ ባገኘውስ?» የምትወደውን መኪና ላለማጣት የምትወደውን ልማድ ጣይ መባሏ ነው፤ እኔም ብሆን ከባድ ነው።

ያኔ ባሌ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ወንበር አምጥቶ ኮፈኑ ፊት አስቀመጣት። ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሰክቶ መኪናው ጠፍቶ ሳለ ምን ያህል ኃይል እንደሚበላ አሳያት፤ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከባትሪው የሚወጣውን ሽቦ ሁሉ አንድ በአንድ እያስያዛት፣ ይሄ ወዴት ይሄዳል፣ ቢነካካ የትኛው ፊውዝ ቀድሞ ይቃጠላል፣ ሁሉን ነገራት። እሷም መኪና የምታውቅ ሴት ናትና እንዲሁ አልለቀቀችውም። «እዚህ ጋ ቢፈገፈግስ? ውሃ ቢገባስ?» እያለች አፋጠጠችው። ደንበኛ መጣ፣ ደንበኛ ሄደ፣ እነሱ አላዩም። ከተጋባን ጀምሮ ሽቦ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናሁ። በመጨረሻ እትዬ ከወንበሩ ተነሳችና ኮፈኑን ራሷ ዘጋችው።

«ለዛሬ ብቻ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «አልነደደም» አለችኝና ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ መጣች፣ ልጇ ከጎኗ ተቀምጧል። ከሌሊት ተረኛነት በቀጥታ ነው የመጣው፣ ዓይኑ ደም መስሏል። «አንቺ ደግሞ ከኋላ ግቢ» አለችኝ። «እጅሽ ተነሳ ብሎ እንዳይዋሽብኝ ምስክር እፈልጋለሁ።» ሱቁን ለሽቦ ትቼ ገባሁ።

ልጁ አንድ እጁን በሩ ላይ፣ ሌላውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ፈታኝ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እሱ ጋ ፍሬን የለም፣ እሱ ግን ይረግጣል። «ቀይ ነው፣ እማዬ።» «አየሁት፣ ዓይኔን አላመመኝም።» «ብስክሌት አለ።» «ብስክሌቱም አይቶኛል።» ገበያው መሐል ገባን፣ ሰዉ፣ ጋሪው፣ ሞተሩ። አደባባዩን ዞርን። የእኔ ዓይን ከእትዬ እጅ አልተነቀለም፤ ግራው መሪው ላይ አርፏል፣ ቀኙ ይዟል። በልቤ እየጸለይኩ ነበር።

ስልክ ጮኸ። ልጁ ደነገጠ፣ እጁን ወደ መሪው ሰደደ። እትዬ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፣ የባሌ ድምፅ መኪናውን ሞላው። «እትዬ፣ ይሠራል?»

«ካልሠራ በምን አነሳሁህ? እየነዳሁ ነው፣ ዝጋ!» አለችና በዚያው ጣቷ ዘጋችበት። ልጁ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፣ እጁንም መለሰ። እኔ ባሌን ልገድለው አስቤ ነበር፣ ተውኩት።

ከዚያ ከተማውን ወጥተን ፋብሪካው ያለበትን ሰፊ መንገድ ያዝን፤ እትዬ ዕድሜዋን ያሳለፈችበት መንገድ ነው። ሬዲዮው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይዟል። መኪናዋ ያለ ምንም ግርግር ትሄዳለች። ልጁ ዝም ብሏል፤ እኔ ደግሞ ጥፋት እየፈለገ መስሎኝ ተናደድኩ። «እሺ ፈታኙ፣ ምን ይላሉ?» ልለው ወደ ፊት ጠጋ አልኩ።

ተኝቷል። ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን ተኝቷል። ፍሬን ሲረግጥ የነበረው እግሩ ተዘርግቷል።

እትዬ ከእኔ በፊት አይታዋለች። «ሽሽ» አለችኝ በመስታወት እያየችኝ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ያንን ሥራ ከጀመረ ወዲህ መኪና ውስጥ ዓይኑን ከድኖ አያውቅም» አለችኝ። «ታክሲም ላይ፣ አውቶቡስም ላይ። ሲደክመው እንኳ። ይፈራል።»

ሙዚቃው አለቀና የሬዲዮው ማስታወቂያ ጩኸቱን ለቀቀው። የእትዬ አውራ ጣት ጫን፣ ጫን፣ ጫን አደረገ፤ ድምፁ ወርዶ ወርዶ የልጇ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ቀኝ እጇ ከመሪው አልተነሳም። ልጇም አልነቃም። እኔ እንባዬ ወረደ፤ ደስ ብሎኝ ነው፣ ምን እንደሚያስለቅሰኝ ግን ብጠየቅ መናገር አልችልም ነበር።

ተመልሰን ሰፈራችን ደረስን። ሱቃችን ታየ፣ ሽቦ በሩ ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ይጠብቃል። እትዬ ቀነሰች፣ ልጇን አየችው፣ እንደገና ነዳጅ ሰጠች። ሽቦን ጥለነው አለፍን፤ ያ ምስኪን ምን ሆኑ ብሎ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው ያደረው» አለችኝ እትዬ ቀስ ብላ። «ትንሽ ይተኛ።»

ፍሬቻዋን አብርታ ወደ ሰፊው መንገድ መለሰችን።